ዛጎሉና ጉልበቴ

ፌብሩዋሪ 8፣ ማክሰኞ

የቦርዱ ወረቀት ዛሬ ጠዋት በመምህራን ክፍል፣ በየፖስታ ሣጥናችን ተቀምጦ ጠበቀን። ግማሽ ገጽ አይሞላም። ዝግመተ ለውጥን ማስተማር ከመጀመራችን በፊት ለተማሪዎቹ እንድናነብላቸው ነው። ይህ ንድፈ ሐሳብ እንጂ ያለቀለት እውነት አይደለም፣ ክፍተት አለበት፣ ሕይወትን አንድ ብልህ ነዳፊ እንደነደፋት የሚናገሩም ምሁራን አሉ ይላል። የእግዚአብሔር ስም አንድም ቦታ አልተጠራም። ዴልበርት ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ጠበቃ ሳያማክር አልቀረም።

ዴልበርት የባሌ የካርል ታላቅ ወንድም ነው። የከብት መኖ ይነግዳል፣ በቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ነው፣ ከባለፈው ምርጫ ወዲህ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ሰብሳቢ። ካርል ከሞተ ጀምሮ ጣሪያዬ ሲያፈስ የሚጠግነው፣ በረዶ ሲወርድ ደጄን የሚጠርገው እሱ ነው። ይህን የምጽፈው ሌላ ነገር ስጽፍበት እንዳልረሳው ነው።

ባዮሎጂ የምናስተምረው እኔና ኬንድራ ስታምፐር ብቻ ነን። ኬንድራ የራሴ ተማሪ ነበረች። በአሥራ አምስት ዓመቷ ከወንዙ ዳር በኪሷ ሞልታ ያመጣችልኝ የድንጋይ ዛጎሎች ዛሬም መስኮቴ ላይ ተደርድረዋል። ዩኒቨርሲቲ ስትጨርስ ለምኜ ያስቀጠርኳትም እኔ ነኝ። ገና ቋሚ ስላልሆነች ውሏን ቦርዱ በየዓመቱ ሜይ ላይ ያድሳል፣ ወይም አያድስም።

ከክፍል በኋላ ወረቀቱን ይዛ መጣች።

«እኔ አላነበውም» አለች። «እርስዎስ?»

«እኔም አላነብም። ሁለታችንም እምቢ ካልን ማንን ያመጣሉ?»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ጀግና ጀግና ይለኝ ነበር።

ፌብሩዋሪ 13፣ እሁድ

ከአምልኮ በኋላ ሁሉም ከቤቱ ያመጣውን ይዞ ምድር ቤት ገበታ ቀረበ። ዴልበርት ወረቀቱን ሊያስረዳ ተነሣ። የዴልበርት ክርክር ሁልጊዜ የሚጀምረው ጉድጓዱ ላይ ካለው የውሃ ፓምፕ ነው።

«አንዷን የጎማ ቀለበት አውጡባት» አለ። «ግማሽ ፓምፕ ግማሽ ውሃ አይሰጣችሁም፣ ምንም ነው የማይሰጣችሁ። ታዲያ ዓይን የምታህል ነገር ግማሽ ሆና ስንት ዘመን ኖረች?»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ለዚህ መልስ አለኝ፣ በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። ብርሃንና ጥላን ብቻ የምትለይ ነጠብጣብ ያለችው ትል፣ ከሌላት ትል ይልቅ ከሚበላት ታመልጣለች። ግማሽ ዓይን ሙሉ ሕይወት ያተርፋል። ይህን ለመናገር አፌን መክፈት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። የዴልበርት ሚስት ዊልማ ደግሞ ያን ጊዜ ሁለተኛ ሳህን ፑዲንግ አቀበለችኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የኔ ግን በፑዲንግ ነው የተዘጋው።

ዴልበርትን ልቆጣው አልችልም። የልጅ ልጁ ትራቪስ ለገና ከዩኒቨርሲቲ ሲመጣ፣ ሁሉም ለጸሎት አንገቱን ሲደፋ እሱ ሹካውን አንሥቶ መብላት ጀመረ። በማግሥቱ ዊልማ እንደነገረችኝ ዴልበርት ጋጣ ውስጥ ገብቶ አልቅሷል። ወረቀቱ ከዚያ ጋጣ የወጣ ይመስለኛል።

እኔ በእግዚአብሔር አምናለሁ። የወንዛችን ዛጎሎችም አራት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት እንደሆናቸው አውቃለሁ። ካርል፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ኦፓል፣ ለእግዚአብሔር ሰዓት አትቁጠሪለት» ይለኝ ነበር። ሁለቱ እውነቶች በውስጤ ተጣልተው አያውቁም። ግን ለቤተ ክርስቲያን ሰው ስለ ዛጎሎቹ ዕድሜ፣ ለትምህርት ቤት ሰው ስለ ጸሎቴ ተናግሬ አላውቅም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል። ያን ተረት ሳስበው ሁልጊዜ ብልህነት ይመስለኝ ነበር።

ፌብሩዋሪ 14፣ ሰኞ

ሕዝቡ ስለበዛ ስብሰባው በቅርጫት ኳስ አዳራሹ ሆነ። ለግማሽ ፍጻሜ እንኳ ያን ያህል ሰው አልመጣም።

ኬንድራ ተራዋ ሲደርስ ወጥታ ተናገረች። ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጸና። እኔም አማኝ ነኝ አለች። ግን ነዳፊው ማን እንደሆነ በቤተ ሙከራ ልፈትነው የምችለው ነገር አይደለም፣ ልፈትነው የማልችለውን ሳይንስ ነው ብዬ ለልጆቻችሁ ብነግር እዋሻቸዋለሁ አለች። ስለ ፓምፑም ስለ ትሏም ተናገረች፣ እኔ ባስተማርኳት ቃል። አንዱ ከኋላዬ «ያቺ ትል የማን ዘመድ ናት?» ብሎ ሰው አሳቀ። ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች።

ቀጥሎ እኔ ነበርኩ። ዴልበርት ግን ማይኩን ያዘ።

«ክርክር አናብዛ» አለ። «ሰማይና ምድርን እግዚአብሔር ፈጠረ ብላችሁ የምታምኑ፣ እስቲ ቁሙ።»

ቆምኩ።

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው። እኛ ቁሙ ስንባል የምንቆም ሰዎች ነን። ቃሉ ሲነበብ፣ መዝሙር ሲጀመር፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ምስክርነት ሲጠየቅ። ከልጅነቴ ጀምሮ የዴልበርትን ድምፅ የመሰለ ድምፅ ቁሙ ሲል እግሮቼ እኔን ሳያማክሩ ይነሣሉ። ደግሞስ አምናለሁ አይደል? ውሸት አልነበረም። ከቆምኩ በኋላ ወደ ጎን አየሁ። ኬንድራ ወንበሯ ላይ ነበረች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ። እሷም ታምናለች። ግን ምን እየተቆጠረ እንደሆነ ገብቷታል።

መልሼ መቀመጥ እችል ነበር። ከቆሙ በኋላ መቀመጥ ግን ምን ማለት ነው? እግዚአብሔርን ካድኩ ማለት ነው? ይህን ሳሰላስል ዴልበርት «አመሰግናለሁ፣ ተቀመጡ» አለ። ቆሞ ከነበረው ሁሉ ቀድሜ ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲጠራ የምጨምረው የለኝም አልኩ።

ፌብሩዋሪ 17፣ ሐሙስ

ጋዜጣው ወጣ። ፎቶ። ከመላው አዳራሽ የኔ ፊት ነው ጎልቶ የወጣው። «የሳይንስ ክፍል ኃላፊዋ ከቦርዱ ጎን ቆሙ።» ዊልማ ቆርጣ ፍሪጇ ላይ ለጥፋዋለች፣ ደውላ ነገረችኝ።

ኬንድራን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። የቆምኩት ስለማምን ብቻ ነው አልኳት።

«እኔም አምናለሁ» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

ማርች 2፣ ረቡዕ

አነበብኩት።

እንዲህ ብዬ ነበር ለራሴ። እኔ ባላነበው ሌላ ሰው ገብቶ ያነበዋል፣ ከኔ አፍ ቢሰሙት ይሻላል፣ ቶሎ ብዬ ዝቅ አድርጌ ካነበብኩት እንዳልተነበበ ይቆጠራል። ቶሎ ብዬ ዝቅ አድርጌ አነበብኩት። ወንዶቹ አልሰሙም። ሮዛሊ የምትባለው ከፊት የምትቀመጠው ልጅ ግን እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እርስዎ ያምኑበታል?»

«መጽሐፋችሁን ክፈቱ» አልኩ።

ኬንድራ አላነበበችም። ርዕሰ መምህሩ ራሱ ገብቶ ሲያነብ እሷ ኮሪደር ላይ ቆማ ጠበቀች። በመምህራን ክፍል የሒሳቡ መምህር መኖሬን ሳያይ፣ «ኦፓልን አትፍረዱባት፣ ጡረታዋ ደጅ ላይ ነው፣ ምን አስጨነቃት» ሲል ሰማሁ። ሊከላከልልኝ ብሎ ነው።

ማርች 13፣ እሁድ

ሳምንቱን ሙሉ ቆርጬ ነበር። ፓስተር ላይል ዛሬ ቦርዱን እንደሚያመሰግን አውቅ ነበር። ከመጨረሻው መዝሙር በፊት፣ ስለ እምነታቸው ለቆሙ የቦርዱ ወንድሞች ክብር እንቁም አለ። ቤቱ በሙሉ ተነሣ።

አልተነሣሁም።

ከፊቴ የሰው ጀርባ ብቻ ነበር የሚታየኝ። አንድ አንቀጽ ዘመሩ። በሕይወቴ እንደዚያች አንቀጽ ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም። ያኔ ዊልማ ከአጠገቤ ጎንበስ አለችና በጆሮዬ፣

«ኦፓልዬ፣ ጉልበትሽ ነው?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ።

«ውይ የኔ እህት» ብላ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። መዝሙሩ እስኪያልቅ እያሻሸችልኝ ዘመረች።

ማርች 15

ዊልማ ቅባት ላከች። ካምፎር ካምፎር ይሸታል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ነው የሚባለው፣ የኔ ግን ተገኝቶለታል። ካልተቀባሁ ዊልማ ትጠረጥራለች፣ ከተቀባሁ ክፍሉ ሁሉ ይሸታል። ተቀባሁ።

ማርች 22

ልጆቹ ቦርሳዬን ይይዙልኛል። አንዷ ዛሬ፣ «ቲቸር፣ ትናንት ያነከሱት በግራው አልነበር?» አለችኝ። አንዳንዴ ይዞራል አልኳት።

ኤፕሪል 5፣ ማክሰኞ

የእሳት አደጋ ልምምድ ነበር፣ ደወሉ ሲጮህ አስደነገጠን። ልጆቼን ከሁለተኛ ፎቅ ይዤ ከሁሉ ቀድሜ ሜዳው ላይ ደረስኩ፣ ኬንድራ ከነክፍሏ ከኋላዬ ነበረች። ርዕሰ መምህሩ አመሰገነኝ። ዝናብ ነበር።

ከኬንድራ ጋር ከሰላምታ በቀር አንነጋገርም። ሰላምታዋ እንደ ድሮው ነው። ያ ነው የሚከብደኝ።

ኤፕሪል 12፣ ማክሰኞ

የግድግዳው ጉዞ ደርሷል።

ቤተ ክርስቲያናችንን የሠራው የካርል አያት ነው፣ ድንጋዩን ከወንዛችን አለት ፈልፍሎ። ያ አለት ከዳር እስከ ዳር ዛጎል ነው። ማራገቢያ የመሰሉ፣ ቀንድ የመሰሉ፣ የአዝራር ቁልል የመሰሉ። በበሩ በስተቀኝ አንዲት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ዛጎል አለች። እሁድ እሁድ ልጆች ሲገቡ ይነኳታል። እናቶቻቸውም ነክተዋታል፣ አያቶቻቸውም። ተወልውላ ታበራለች። ለምን እንደምትነካ ማንም አይጠይቅም፣ ሳይነካት የገባ ልጅ ግን መዝሙር መሐል ያስታውሰውና ይቁነጠነጣል።

በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ክፍሌን ይዤ ቁልቁል ወርጄ ግድግዳው ፊት አቆማቸዋለሁ። አንድ ድንጋይ መርጠው ያለበትን ይሥላሉ። «ስንት ዓመታቸው ነው?» ብለው ይጠይቁኛል፣ «ከአያቴም ከአያቷም ይበልጣሉ» እላለሁ፣ ይሥቃሉ፣ እንመለሳለን። አንድም ወላጅ ተቆጥቶ አያውቅም። ሁሉም የወደደኝ ለካ ምንም ስላልነገርኳቸው ነው።

ዘንድሮ ግን ሮዛሊ አለች። ከአያቴ ይበልጣሉ ብላት የምታልፈኝ ልጅ አይደለችም። ዴልበርት ደግሞ የመኖ ሱቁ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ነው።

ከሰዓት ኬንድራ ክፍል ሄድኩ። ጉልበቴ ዳገቱን አይችለውም፣ ያንቺን ስትወስጂ የኔንም ክፍል ይዘሽልኝ ውረጂ አልኳት። ወደ እግሬ አየች። ከዚያ ወደ ፊቴ አየች።

«እሺ» አለች።

ኤፕሪል 19፣ ማክሰኞ

ሄዱ። ቀኑ ጥሩ ነበር። ቢሮዬ ሆኜ ፈተና አረምኩ፣ አንዱን ፈተና ሁለቴ አርሜዋለሁ።

ሮዛሊ እየሮጠች መጣች። «ቲቸር፣ አራት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን! ሚስ ስታምፐር ነገረችን። እዚህ ባሕር ነበረ አለችን። ለምን አልነገሩንም?»

ማታ ስልኩ አላረፈም። ዊልማ ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። «በግድግዳችን ላይ፣ ኦፓል። የካርል አያት ባቆመው ግድግዳ ላይ። ዴልበርት ከሱቁ ሆኖ በጆሮው ሰምቷል። ደግሞ ያንቺን ልጆች ሳትጠይቅሽ ነጥቃ ወስዳ!»

«ጉልበቴን አሞኝ ነበር» አልኩ።

ጠይቃኛለች አላልኩም። ማለቴ፣ እኔ ነኝ የጠየቅኳት አላልኩም።

ኤፕሪል 21፣ ሐሙስ

ርዕሰ መምህሩ ጠራኝ። በኬንድራ ላይ ክስ ቀርቧል፣ የሌላ መምህር ተማሪዎችን ያለፈቃድ ወደ አምልኮ ስፍራ ወስዳ አስቀይማለች የሚል። ቦርዱ በሜይ ስብሰባው ውሏን ሲያይ ይህንንም ያያል።

«እሷ እርስዎ እንደጠየቋት ነው የምትለው። ልክ ነው?»

ያልኩትን እንዳለ እጽፈዋለሁ፣ ቢያንስ እዚህ አልሽሽ። «ያን ሰሞን ጉልበቴን ያመኝ ነበር፣ በትክክል ምን እንዳልኳት አላስታውስም» አልኩ።

ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። «ገባኝ፣ አይጨነቁ» አለኝ። በሩን ከፈተልኝ፣ ክንዴንም ደገፈኝ። እያነከስኩ ወጣሁ።

ኤፕሪል 24፣ እሁድ

ከአምልኮ በኋላ ፓስተር ላይል በሩ አጠገብ አስቆመኝ። ሰው ሁሉ ሄዷል። ጣቱን ያቺ ዛጎል ላይ አድርጓል።

«እህት ኦፓል፣ እዚህ ካገለገልኩ ጀምሮ ይህችን አያለሁ» አለ። «የጥፋት ውሃ ያመጣት ናት ብዬ ሰብኬባታለሁ። እርስዎ ከፊት ተቀምጠው ሰምተውኛል። ምን እንደሚያስቡ ጠይቄዎት አላውቅም።»

«ለምን?»

«ይነግሩኛል ብዬ ፈርቼ።»

ጠበቀ። አሁን እየጠየቀኝ ነበር። በዚያች ደቂቃ ሁለት ፈሪዎች ነበርን፣ አንደኛው ግን ቢያንስ በር ከፍቶ ነበር። ስለ ስብከቱ አመሰገንኩትና ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ለእሱም አነከስኩለት።

ኤፕሪል 28፣ ሐሙስ

ኬንድራ ዛሬ ክፍሌ መጣች። ወንበር አልሳበችም። ርዕሰ መምህሩ፣ ወይዘሮ ኦፓል አላስታውስም ብለዋል እንዳላት ነገረችኝ። እንደ ጥያቄ አላለችውም።

«ነገሩን ላለማጋጋል ብዬ ነው» አልኩ። «እኔ ብገባበት ዴልበርት ይብስበታል። ዝም ካልን ይበርዳል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«ስብሰባው ከመንጋቱ በፊት ነው» አለች። ከዚያ መስኮቱ ላይ ያሉትን ዛጎሎች አየች፣ የሷን። አንዱን አንሥታ አገላበጠችው። መልሳ በቦታው አስቀመጠችው። «በሜይ ዘጠኝ ይመጣሉ?»

«ጉልበቴ ካልከፋብኝ» አልኳት።

ይህን ለሷ አልኩ። ቃሉ ከአፌ የወጣው እንደ ሰላምታ ነው፣ ለምዶብኝ።

ሜይ 3

ሌሊት እንቅልፍ የለም። ብትባረር ሌላ ቦታ ታገኛለች፣ ወጣት ናት። ጎበዝ ናት። ደግሞ ሐሳቧን በዚያ ግድግዳ ፊት ባትናገረው ምን ነበረበት? እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ሳልናገር አስተምሬ የለም?

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር መልሼ አነበብኩት። ልሰርዘው ነበር። ይቀመጥ።

ሜይ 8፣ እሁድ፣ የእናቶች ቀን

እናቶች ቁሙ ይባልና ለእያንዳንዷ አበባ ይሰጣታል። ልጅ የለኝም፣ ግን የሁላችንም ልጆች እናት ናት እያሉ በየዓመቱ ያስቆሙኛል። ዘንድሮ አትነሺ አሉኝና አበባውን ወንበሬ ድረስ አመጡልኝ። ዴልበርት ራሱ ነው ያመጣልኝ። ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። «ነገ ትመጫለሽ አይደል? ምንም መናገር የለብሽም፣ ቁጭ ማለትሽ ይበቃናል» አለኝ።

አበባው በውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነው። ልጥለው አልቻልኩም።

ሜይ 9፣ ሰኞ

ተናገርኩ። አልጠቀመም። ነገ እጽፈዋለሁ።

ሜይ 10፣ ማክሰኞ

ትናንት እጄ አልጻፈልኝም። ዛሬ ልሞክር።

አዳራሹ እንደገና ሞላ። ከዊልማ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ እሷ ለጉልበቴ ትራስ አምጥታ ነበር። ኬንድራ ከእናቷ ጋር ከፊት ናት። ዴልበርት ክሱን አነበበ። ከዚያ እንዳለፈው ጊዜ ማይኩን ከማስቀመጫው አውጥቶ ያዘ።

«ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ቦርዱ የሕዝቡን ልብ ይይ» አለ። «የቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ለልጆቻችን የእምነት ቦታ እንጂ የክህደት መማሪያ እንዳይሆን የምትፈልጉ፣ ቁሙ።»

ወንበሮች ተንጫጩ። ሁሉም ተነሣ። ኬንድራና እናቷ፣ ከኋላም ጥቂት ሰዎች ተቀምጠዋል። እኔም ተቀምጫለሁ። እግሮቼ ሊነሡ ሲሉ በሁለት እጄ ጭኖቼን ይዣቸው ነበር፣ እውነቴን ነው።

ዴልበርት ከመድረኩ አየኝ። ፊቱ በፍቅር በራ።

«ኦፓል፣ አንቺ ቁጭ በይ» አለ በማይኩ። «ጉልበቷን እያመማት ነው የመጣችው። ልቧ ግን አብሮን ቆሟል።»

ሰው ሁሉ በርኅራኄ ዞሮ አየኝ። አንዳንዶች አጨበጨቡ። ዊልማ ትራሱን አስተካከለችልኝ።

«ጉልበቴ ደህና ነው» አልኩ።

«ምን አልሽ የኔ እህት?» አለች ዊልማ።

«ጉልበቴ ደህና ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «ዴልበርት፣ ጉልበቴ ታሞ አያውቅም። የተቀመጥኩት ስላልተስማማሁ ነው። በማርችም የተቀመጥኩት ለዚያ ነበር፣ ፈርቼ ነው አዎ ያልኩት።»

የቆሙት እንደቆሙ ናቸው፣ ተቀመጡ ያላቸው የለም። እኔም ተቀምጬ ነው የቀጠልኩት፣ ልቆም አልደፈርኩም፣ መቆሜን ደግሞ ሌላ ነገር ያደርጉታል ብዬ ፈራሁ። ልጆቼን ይዘሽ ውረጂ ያልኳት እኔ ነኝ አልኩ። ለርዕሰ መምህሩ አላስታውስም ያልኩት ውሸት ነው፣ አስታውሳለሁ። አራት መቶ ሃምሳ ሚሊዮንንም ከኔ ነው የሰማችው፣ ልጅ ሆና፣ በሩ ተዘግቶ፣ በክፍሌ ውስጥ። እሷ ያደረገችው እኔ በዝግ በር ያልኩትን በአደባባይ ማለት ብቻ ነው። በእግዚአብሔር አምናለሁ አልኩ። ፎቶው ላይ የቆምኩት ለእሱ ነበር፣ ለወረቀቱ አልነበረም። ካርልም ይህን ያውቅ ነበር፣ አያቱ ባቆመው ግድግዳ ፊት ስንጋባ ጭምር ያውቅ ነበር።

ዴልበርት አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ትራቪስ ሹካውን ሲያነሣ እንዴት አይቶት እንደነበር አሁን ገባኝ፣ እኔንም እንዲያ ነው ያየኝ። ማይኩን ወደ ቦታው ሊመልሰው ሲል አንዴ ሳተው።

«ተመዝግቧል» አለ።

ድምፅ ሰጡ። አራት ለሦስት። የኬንድራ ውል አይታደስም። ከአራቱ አንዱ፣ ኦፓል ይህን በጊዜው ነግራን ቢሆን ሌላ ነበር፣ አሁን ግን የትኛውን ቃሏን እንመን ሲል ሁሉም ሰምቷል። 

ዊልማ ትራሷን ይዛ ሳታየኝ ወጣች። ጉልበቴን ለሁለት ወር በሙሉ በጸሎት ዝርዝሯ ላይ ይዛ እንደነበር አውቃለሁ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ኬንድራን ደረስኩባት። እናቷ መኪናውን አስነሥታለች። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት፣ ስለ ጉልበቴም ዋሽቼሻለሁ አልኳት፣ እንደማታውቅ ሁሉ።

«አውቅ ነበር» አለች። «የእሳት ልምምዱ ቀን ደረጃውን እንደ ፍየል ነበር የወረዱት። ከኋላዎ ነበርኩ።»

ከኤፕሪል አምስት ጀምሮ። ክፍሌን ይዘሽልኝ ውረጂ ስላት፣ እግሬን አይታ እሺ ስትለኝ፣ አላስታውስም ማለቴን ይዛ ክፍሌ ስትመጣ፣ ሁሉ ጊዜ። ጉልበቴ ውሸት መሆኑን አንድ ቃል ለርዕሰ መምህሩ ብትተነፍስ ክሱ ያን ዕለት ያበቃ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ እየጠበቅኩ» አለች። «ትንሽ ቀደም ቢሉ ጥሩ ነበር።»

ሳትቆጣ ነው ያለችው፣ ፈተና ስትመልስልኝ በነበረው ድምፅዋ። ገባችና ሄዱ።

መኪናዬን እዚያው ትቼ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። በሰፊው መንገድ፣ በዴልበርት ሱቅ ፊት፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አለፍኩ። ከዚያ ወደ ቤቴ የሚያወጣውን ዳገት አንዴም ሳላርፍ፣ ሳላነክስ ወጣሁት።